አመድ ያጣው ጭቃ

ኩንዜስ ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ቦታ ረግቶ መቀመጥ አይሆንላትም ነበር። ምግቧን ቆማ ትበላለች፤ ሰው ሲያጫውታት እጇ የሆነ ነገር ይነካካል፤ መንደሩ በሙሉ የቡድሂስት ገዳም ወጥቶ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያነበንብ እሷ በመስኮቱ የቁራዎቹን ጠብ ታያለች። እናቷ «ይቺን ልጅ በገመድ ካላሰርኳት አትቀመጥም» እያለች ትማረር ነበር። አባቷ ግን ሥራ ሰጣት። በታርሞ መንደር ጻጻ የሚሠራው እሱ ነበርና ጭቃ የምታቦካለት፣ ጠጠር የምትለቅምለት እሷ ሆነች። እጇ ጭቃ ውስጥ ሲገባ እግሯ አደብ ይገዛል።

ጻጻ መዳፍ ላይ የምታርፍ የጭቃ ምስል ናት። አፈሩ በወንፊት ተነፍቶ ይቦካል፤ የነሐሱ ማተሚያ የአፕሪኮት ፍሬ ዘይት ይቀባል፤ ጭቃው ይጠቀጠቅበታል። ጀርባውን መታ መታ ሲያደርጉት ባለ አራት እጁ የርኅራኄ ጌታ ቼንሬዚግ አበባ ላይ እግሩን አጣጥፎ እንደተቀመጠ፣ ጎላ ብሎ ይወጣል። ሰው የሞተበት ቤተሰብ ከተቃጠለው ሬሳ የተረፈውን የአጥንት አመድ በጨርቅ ቋጥሮ ያመጣል። አመዱ ከጭቃው ጋር ተለውሶ የሟቹ ጻጻ ይታተማል፤ ሲደርቅም እግር በማይረግጠው ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጣል። ያለ አመድ የሚታተመው ለሕያዋን ነው። ጠዋት ጠዋት ፊቱ ተቀምጠው ያሰላስሉበታል።

አባቷ ዓይኑ ከደከመ በኋላ ምስሉን የሚያየው በአውራ ጣቱ ነበር። ከአበባው ይጀምራል፤ ወደ ታጠፉት እግሮች ይወጣል፤ ደረቱ ላይ ወደተጋጠሙት ሁለት እጆች፣ ከዚያ መቁጠሪያና አበባ ወደያዙት ሌሎቹ ሁለት እጆች፣ በመጨረሻም ወደ ፊቱ። ሲጨርስ ጻጻዋን ጭኑ ላይ ያኖርና ያንኑ መንገድ በልቡ ይደግመዋል። ኩንዜስንም ያስተማራት ይህንኑ ነው። «አንቺ መቀመጥ ካቃተሽ በጣትሽ ተራመጂ» አላት። እሱ ሲሞት አመዱን ያቦካችው እሷ ናት፤ ማተሚያውም የእሷ ሆነ።

ያገባችው ሙቱፕን ነበር። ሙቱፕ ዝግ ያለ ሰው ነው። ከአህያው ጋር መንገድ ሲወጣ አህያው ቀድሞ ደርሶ ይጠብቀዋል እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ አይቆጣም። ሚስቱ ከጣሪያ ወደ ጋጣ፣ ከጋጣ ወደ ማሳ ስትሯሯጥ እያየ፦ «በይ እንግዲህ፣ አንቺ ለሁለታችንም ሩጪ፤ እኔ ለሁለታችንም ቁጭ እላለሁ» ይላታል። ልጅ አልወለዱም። አብራቸው የምትኖረው የሙቱፕ እናት ቡቲት ነበረች፤ ኩንዜስ አማሌ፣ እናቴ፣ ትላታለች። ምላሷ የሚፋጅ፣ የጸሎት መንኮራኩሯ ከእጇ የማይለይ፣ እያሽከረከረችም የምትሳደብ አሮጊት።

ያ ክፉ ቀን ነሐሴ ላይ መጣ። አፕሪኮቱ ጣሪያ ላይ ተሰጥቷል፤ ገብሱ ለአጨዳ ሊደርስ ነው። ሙቱፕ የተቆላ ገብስ ጭኖ ወንዝ ዳር ወዳለው የውሃ ወፍጮ ወረደ። ዝናብ ብርቅ የሆነበት አገር ነውና ከተራራው በላይ የጠቆረውን ደመና ያየ ሰው ጥላ አገኘን ብሎ ደስ አለው እንጂ አልፈራም። ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ከላይ የጭነት መኪኖች ተሰልፈው የሚመጡ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ኩንዜስ ጣሪያ ላይ አፕሪኮት እየገለበጠች ነበር። ቀና ስትል ሸለቆው ይዞት የሚመጣው ውሃ አልነበረም፤ ጥቁር ጭቃ ነው፤ ጭቃው ላይ ቤት የሚያካክል ድንጋይ ይንከባለላል። ወፍጮው ወደነበረበት አየች። ወፍጮ የለም። ድልድዩም የለም፤ የዛፎቹም ረድፍ የለም።

በማግስቱ የመንደሩ ሰው ሁሉ አካፋ ይዞ ወረደ። አህያው ሞቶ ተገኘ። ሙቱፕ አልተገኘም። ከታች፣ ትንሿ ወንዝ ትልቁ ወንዝ ኢንደስ ውስጥ ከምትገባበት ጥግ፣ አንድ የሙቱፕ ጆንያ አፉ እንደታሰረ የአኻያ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ተገኘ። ውስጡ የተፈጨ ገብስ ነበር፤ መሐሉ ሳይረጥብ ቀርቷል።

ኩንዜስን ያሳበዳት ያ ጆንያ ነው። ሰው ሁሉ ተስፋ ሲቆርጥ እሷ ጆንያውን ታስባለች። ፈጭቶ ጨርሶ ነበር ማለት ነው። አስሮታል። ወጥቶም ሊሆን ይችላል። ከዚያ ቀን በኋላ ቤት አልያዛትም። ጎህ ሲቀድ ትወጣለች፤ የኢንደስን ዳር ይዛ ትወርዳለች፤ በየመንደሩ «ረጅም፣ ዝግ ብሎ የሚናገር፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው» እያለች ትጠይቃለች። ሻይ ሲቀርብላት ሳትጨርስ ትነሳለች። የታጨደው ገብሷ ሜዳ ላይ ቀረ፤ ጎረቤት አዝኖ ሰበሰበላት። ቤት ስትገባ ደግሞ ምጣድ ትጥድና ትረሳዋለች፤ ማሳ ልትሄድ ወጥታ ጋጣ ውስጥ ራሷን ታገኘዋለች።

ጠዋት ልማዷ ነበርና ጻጻዋን ይዛ ለመቀመጥ ሞከረች። አውራ ጣቷ አበባውን አገኘ፤ እግሮቹን አገኘ፤ እጆቹንም። ዓይኗን ጨፍና በልቧ ስትሄድበትም እስከ ደረቱ ድረስ መልካም ነበር። ፊቱ ላይ ስትደርስ ግን ቼንሬዚግ ሳይሆን ሙቱፕ ያያታል፤ ግንባሩ ጠባሳ አለው። ደንግጣ ትነሳለች። በማግስቱም እንደዚያው። ከዚያ ወዲያ ጻጻዋን መደርደሪያው ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አስቀመጠቻት።

ቡቲት ይህን ሁሉ እያየች ሳምንታቱን ትቆጥር ነበር። ከሞት በኋላ ሰባት ሳምንት ነፍስ በሞትና በዳግም ልደት መሐል ትንከራተታለች፤ ያኔ መንገድ ካልተመራች ትጠፋለች። ሬሳ ላልተገኘለት ሰው መነኩሴ ስሙን ወረቀት ላይ ጽፎ ጸሎት ደግሞ ያቃጥለዋል፤ የስሙ አመድ የአጥንቱን አመድ ይተካል። አሮጊቷ ለምራቷ ሳትነግር ገዳም ወጥታ ይህንን አስደረገች። አመዱን በነጭ ጨርቅ ቋጥራ መጣችና፣ ጫማዋን ልታጠልቅ ያጎነበሰችው ኩንዜስ ፊት አስቀመጠችው።

«እቺን አቡኪ።»

«ምንድን ናት?»

«ልጄ ነው። ሌላ ምን ይሆናል?»

ኩንዜስ ቋጠሮውን አልነካችውም። «አማሌ፣ ይሄ እኮ የወረቀት አመድ ነው።»

«ስሙ ያለበት ወረቀት ነው። አጥንት ከየት ላምጣ? ወንዙን ልለምን?»

«ጆንያው ተርፏል። ጆንያ ከወጣ ሰው የማይወጣበት ምን ምክንያት አለ?»

«ከወጣ ታዲያ የት ሄደ? ቤቱ ጠፋበት? ልጄ ቀርፋፋ ነው እንጂ ቂል አይደለም።»

«ምናልባት ጭንቅላቱን ተመቶ ይሆናል፤ የሆነ ሰው ቤት ተኝቶ ይሆናል። እርስዎ እናቱ ሆነው እንዴት እንዲህ ያስቻልዎታል?»

የቡቲት መንኮራኩር ቆመ። «አንቺ በየዳሩ ስትሮጪ እሱም ተከትሎሽ ይሮጣል። ቁሚ ብሎ መጥራት እንኳ አይችልም። ሳምንቶቹ እያለቁ ነው። በየሸለቆው ሲንከራተት ይኑር?»

«ካተምኩት በቃ ገደልኩት ማለት ነው!»

«ውሃው ገደለው። አንቺ አይደለሽም።»

«አላትምም።»

«ሌላ ሰው ይሠራል።»

«ማተሚያው የኔ ነው፣ አማሌ!»

ይህን ብላ ወጣች። ሁለቱ ሴቶች ከዚያ በኋላ እንደ ሁለት እንግዶች ኖሩ። አንዷ ሻይ ታፈላለች፤ ሌላዋ ትቀዳለች፤ ቃል አይለዋወጡም።

ኩንዜስ አንድ ቀን መንገዷን ወደ ገዳም አደረገች። መነኩሴው ኮንቾክ የእናቷ ወንድም ነው። ጣሪያ ላይ ቀይ ልብሱን ሲጥፍ አገኘችው። ልትከሰው ነበር የሄደችው።

«አጎቴ፣ ባሌን ሳይነግሩኝ አቃጠሉት።»

«ስሙን ነው ያቃጠልኩት። እናቱ ለመነችኝ፤ እናት ናት።» መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካና አያት። «አሁንም ትቀመጫለሽ ወይስ ተውሽው?»

«አልችልም። ፊቱ ላይ ስደርስ እሱ ይመጣል።»

«ሙቱፕ?»

«ሙቱፕ። ምን ላድርግ?»

ኮንቾክ መርፌውን ነቅሎ አንድ ስፌት ሰፋ። «ፊቱን ተይው» አለ በመጨረሻ። «እጆቹ ጋ ስትደርሺ ቁሚ። እዚያው ቆዪ።»

«በቃ? ይሄው ነው?»

«ሌላ የለኝም፣ ልጄ። ሌላ ካገኘሽ ለእኔም ንገሪኝ፤ የኔም እናት ፊት እስካሁን አልሄደልኝም።»

ወደ ሌህ ከተማ የሚመላለስ የጎረቤት ሹፌር ወሬውን ያመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ ከጎርፉ የወጣ አንድ ሰው አለ፤ ራሱ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ አይናገርም፤ ማን እንደሆነ የሚያውቅም የለም። ሹፌሩ ይህን በር ላይ ቆሞ ሲናገር ኩንዜስ ሻሿን እየጠመጠመች ነበር። ቡቲት ከምድጃው ዳር ሰማች። ኩንዜስ ልትወጣ ስትል አሮጊቷ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። በአንድ እጇ በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ ይዛለች፤ በሌላው እጇ የሙቱፕን ጫማ፣ የክረምቱን፣ ቅቤ ቀብታ ያለሰለሰችውን።

«ባዶ እግሩን እንዳይመለስ» አለች፤ ወደ ሌላ ቦታ እያየች።

ኩንዜስ ጫማውን ተቀበለች። ዳቦውን ያዘች፤ ጫማውን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወጣች።

መንገዱ በየቦታው ተቆርጧል። መኪናው እስከቻለበት ሄዳ፣ የተሰበረውን ድልድይ በእንጨት ላይ ተሻግራ፣ ደግሞ ሌላ መኪና ይዛ ሌህ ገባች። ሆስፒታሉ ደጅ ያለው ሰው ብዛት ገበያ ይመስላል። አንዲት ነርስ በረጅሙ መተላለፊያ መርታ ወሰደቻትና መስኮት ሥር ያለ አልጋ አሳየቻት። ሰውየው ቁመቱ ረጅም ነው። ፊቱ እስከ ዓይኑ በፋሻ ተሸፍኗል። ቀረብ አለች። አንድ እጁ ብርድ ልብሱ ላይ ተዘርግቷል።

እጁን ስታይ አወቀች። ጣቶቹ አጫጭር ናቸው፤ አውራ ጣቱ ድንጋይ ሲፈልጥ የኖረ ሰው ጣት ነው። የሙቱፕ አይደለም።

«እሱ ነው?» አለቻት ነርሷ።

ኩንዜስ ራሷን ግራና ቀኝ ነቅንቃ ወጣች። መተላለፊያው መጨረሻ ድረስ በጥድፊያ ሄደች። እዚያ ቆመች። ጫማው ብብቷ ሥር ነው። ይዛው ልትመለስ? ቡቲት በር ላይ ቆማ እየጠበቀቻት፣ ባዶውን ጫማ ይዛ ልትገባ? ተመለሰች። ከብርድ ልብሱ ሥር የወጡት የሰውየው እግሮች የተላላጡና ባዶ ነበሩ። ጫማውን አልጋው ሥር አስቀመጠችና ቀና ስትል ሰውየው ያያታል።

«የኔ አይደለም» አለ በተሰባበረ ሂንዲ።

ነርሷ የያዘችውን ሳህን ልትጥል ምንም አልቀራት። «ተናገረ እኮ!» ብላ ሐኪም ልትጠራ ሮጠች።

«አውቃለሁ» አለች ኩንዜስ። «የባሌ ነው።»

«አይፈልገውም?»

ኩንዜስ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «እስካሁን ዝም ያልከው ለምንድን ነው?» አለችው።

ሰውየው ወደ መስኮቱ ዞረ። «ከተናገርኩ ማን ነህ ይሉኛል፤ ከማን ጋር ነበርክ ይሉኛል። ያኔ መናገር ሊኖርብኝ ነው።»

ስሙ ባጅራ ነው። ከኔፓል ተራሮች የመጣ የታማንግ ጎሳ ሰው፤ ከሚስቱ ከፉልማያ ጋር ለመንገድ ሥራ ድንጋይ ይፈልጥ ነበር። ድንኳናቸው ወንዙ አፍ ላይ ነበር። ጭቃው ሲመጣ እጇን ይዟት ነበር፤ ከዚያ እጇ እጁ ውስጥ የለም። የሠራተኞቹን ስም መዝግቦ የሚይዝ አልነበረምና ፉልማያ የሚባል ሰው መጥፋቱን የሚያውቅ ከእሱ በቀር የለም።

«እኛም እንደናንተ ነን፣ ዲዲ» አላት፤ ታላቅ እህቴ ማለቱ ነው። «ለሞተ ሰው መነኩሴ ላማ እንጠራለን፤ አመዱን በጭቃ እናትማለን። እዚህ ላማ የለኝም፤ አመድም የለኝም። ስሟን እንኳ የሚያውቅ የለም።»

«እኔ አወቅኩት እኮ አሁን» አለች ኩንዜስ።

ዳቦውን አብረው በሉ። እሱ ስለ ሚስቱ ነገራት። ሳቋ ከድንጋይ መፍለጫው ድምፅ በላይ ይሰማ ነበር፤ ብርድ አትወድም፤ በዚህ ብርድ አገር ምን ልሠራ አመጣኸኝ እያለች ቀኑን ሙሉ ትነዘንዘው ነበር። ኩንዜስም ሳታስበው ስለ ሙቱፕ አወራች። «አህያው ቀድሞት ይደርሳል ይሉት ነበር» አለች። «ነበር» ማለቷን ራሷ ሰማችው። ተነስታ መስኮቱን ከፈተች፤ ዘጋችው፤ እንደገና ተቀመጠች። ስትወጣ ጫማውን እንዲያደርገው ነገረችው። ሰፍቶት ነበር፤ ጨርቅ ጠቅጥቆበት አደረገው።

ታርሞ ስትደርስ መጀመሪያ የሄደችው ገዳም ነው። «ስም ይጻፉልኝ» አለች መነኩሴውን። ኮንቾክ የሙቱፕን ነገር እንደገና ልታነሳ መስሎት ልብሱን ሰብሰብ አድርጎ ተነሳ። «ፉልማያ» አለችው። ማን ናት ብሎ አልጠየቀም። ጻፈላት፣ ጸለየላት፣ አቃጠለው።

ቤት ገብታ ለቡቲት «እሱ አይደለም» ብቻ አለቻት። አሮጊቷ ራሷን ነቅንቃ ወደ ምድጃው ዞረች። ኩንዜስ ወንፊቱን አወረደች፤ ከጎርፉ ወዲህ ያልተነካውን አፈር ነፋች፤ ቡኮውን ጀመረች። እጇ ከሳምንታት በኋላ ጭቃ ውስጥ ገባ። ጭቃው ቀጠነባት። አፈር ጨመረች፤ ደረቀባት። የመጀመሪያዋ ጻጻ ከማተሚያው ስትወጣ አንገቷ ላይ ተሰነጠቀች። ሰብራ መልሳ አቦካቻት። ቡቲት ከበስተኋላዋ መጥታ ቆማ ነበር።

«ለማን ነው?» አለች ቡቲት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ለፉልማያ።»

«ፉልማያ ማን ናት?»

«መንገድ ሠራተኛ ነበረች። ባሏ ሆስፒታል ነው። የሙቱፕን ጫማ ሰጠሁት፣ አማሌ። ሳልጠይቅዎ።»

«ሆነለት?»

«ሰፋው።»

«ሙቱፕ እግሩ ትልቅ ነው። ከተወለደ ጀምሮ።» አሮጊቷ ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠችና እጅጌዋን ሰበሰበች። «ቀጥኖብሻል። ወዲህ በይው።»

ሁለቱም አቦኩ፤ ለፉልማያ የሚበቃውንም ከአመዷ ጋር ለወሱት። የእሷ ምስሎች አንድ በአንድ ታትመው ጥላ ውስጥ፣ ጣውላ ላይ ተሰለፉ። ፀሐይ የነካው ጭቃ ይሰነጠቃልና ኩንዜስ መጋረጃውን ጎተተች። የተረፈውን ጭቃ አየች። ለብዙ ይበቃል።

«አምጡት» አለች።

ቡቲት ምኑን ብላ አልጠየቀችም። ቋጠሮው ከመጀመሪያውም ከልብሷ ውስጥ፣ ደረቷ ላይ ነበር። ልትሰጥ ስትል ግን እጇ አልለቀው አለ። ያቺ «አቡኪ» ብላ ስትጨቀጭቅ የነበረች እናት ቋጠሮውን ጨብጣ አለቀሰች፤ ከጎርፉ ወዲህ ስታለቅስ ኩንዜስ ያየቻት ያን ጊዜ ነው። ኩንዜስ የምራትነት ወጉን ትታ በጭቃ እጇ አቀፈቻት። ከዚያ ቋጠሮውን አብረው ፈቱት።

የሙቱፕን ጻጻ ኩንዜስ ስታትም መቻኮል አልቻለችም። ጭቃው ራሱ ዝግ ያለ ይመስል ነበር። እያንዳንዱ ከማተሚያው ሲወጣ በአውራ ጣቷ ከአበባው ጀምራ ወጣችበት፤ የተጋጠሙት እጆች ላይ ስትደርስ ትንሽ ቆማ ወደሚቀጥለው አለፈች።

ባጅራ ከሆስፒታል ሲወጣ ሰው ጠይቆ መንደሩን አገኘው። ምስሎቹ ደርቀው ኖራ ተቀብተው ነበር። ከወፍጮው ፍርስራሽ በላይ፣ ጎርፍ የማይደርስበት ገደል ላይ የዋሻ ጎድጓዳ አለ። ሦስቱም በቅርጫት ተሸክመው ወጡ፤ ቡቲት እንኳ ይቅሩ ሲሏት አልሰማችም፤ እየሄደች ድንጋዩን፣ ዳገቱን፣ ጉልበቷን ስትሳደብ ነበር። ፉልማያና ሙቱፕ አንድ ጎድጓዳ ውስጥ ተቀመጡ። ባጅራ አንዷን ብቻ ለሚስቱ እናት ሊወስድ ጨርቅ ውስጥ ጠቀለላት።

ከዚያ ወዲያ ኩንዜስ አረፈች ብሎ የሚያወራ ካለ አያውቃትም። የሙቱፕ ሬሳ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ኢንደስ ዳር አንድ ነገር ታየ ከተባለ ሥራዋን ጥላ የምትሄደው እሷ ናት። ጠዋት ስትቀመጥ ልቧ ይሸሻል፤ እጆቹ ላይ ትመልሰዋለች፤ እንደገና ይሸሻል። ፊቱ አንዳንድ ቀን የቼንሬዚግ ነው፤ አንዳንድ ቀን ጠባሳ አለው። አሁን በዚህ አትነሳም። የምትነሳው ጉልበቷ ሲደነዝዝ ነው።

ወሬው ግን ሸለቆ ለሸለቆ ሄደ። ጎርፉ ሰው ወስዶባቸው አመድ ያጡ ቤተሰቦች ይልኩባት ጀመር። ብዙዎቹ ከእሷ የባሰ እንቢ ያሉ ነበሩ፦ ልጁን ያልቀበረ አባት፣ የእህቷን አልጋ በየቀኑ የምታነጥፍ ሴት። ኩንዜስ ማተሚያውን በሻሽ ጠቅልላ ትሄዳለች። ቤታቸው ገብታ ስለ ሞት አታወራም። አፈር ከየት እንደሚገኝ ትጠይቃለች፤ ወንፊት ትዋሳለች፤ ከእነሱ ጋር ጠጠር ትለቅማለች፤ ስለ ጠፋው ሰው ያወሩላታል። አቡኩ የምትላቸው «ነበር» ማለት ሲጀምሩ ነው። ሳይጀምሩ የሚቀሩም አሉ። እነዚያን ሳትወቅስ ሻይ ጠጥታ ትመለስና ወቅቱ ሲዞር ደግማ ትሄዳለች።

ቡቲት አንድ ጠዋት ከጣሪያው ላይ ሆና፣ ኩንዜስ ሰሞኑን ከመንገድ ተመልሳ እንደገና ልትወጣ ማተሚያዋን ስትጠቀልል አየቻት።

«ደግሞ ወዴት ነው? ገብሱን ማን ሊያጠጣ ነው? የውሃ ተራችን ዛሬ ነው!»

«አጠጥቼዋለሁ፣ አማሌ!»

«መቼ?»

«እርስዎ ሲያንኮራፉ።»

«እኔ አላንኮራፋም!» አለች ቡቲት፤ መንኮራኩሯንም አንስታ ማሽከርከር ጀመረች። ኩንዜስ ያኔ የታችኛውን አጥር አልፋ ነበር።